በእንፋሎት የሚወጣ ነዳጅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ነዳጅ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ገና ሲቆፈር ወደ ላይ የሚፈናጠር ጥቁር ፈሳሽ ነው። ከባድ ድፍድፍ ግን እንዲህ አይደለም። በካናዳዋ አልበርታ ከመሬት በታች ያለው ከሬንጅ አይለይም፤ ጉድጓድ ቢቆፈርለትም ካለበት ንቅንቅ አይልም። እሱን ለማውጣት እንፋሎት ወደ ምድር ይላካል። በዚህ ዙሪያ የሚነገሩ ስህተቶች ጥቂት አይደሉም።

«እንፋሎቱ ነዳጁን ገፍቶ ያወጣዋል»

ግፊቱ ያግዛል፤ ዋናው ሥራ ግን የሙቀቱ ነው። ነዳጁ እንደ ሐይቅ ተጠራቅሞ አልተቀመጠም፤ በአሸዋ ቅንጣቶች መሃል ተጣብቋል። በአልበርታው አታባስካ፣ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለው የመሬቱ ሙቀት፣ ከውሃ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ የወፈረ ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን እንደ ቀጭን ዘይት ይፈሳል።

አሠራሩ ያምራል። ሁለት ጉድጓዶች ወደ ታች ወርደው ወደ ጎን ይታጠፋሉ። ከዚያ አንዱ ከሌላው በላይ፣ 5 ሜትር ያህል ተራርቀው፣ ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳሉ። እንፋሎት በላይኛው ይገባና ወደ ላይ እየወጣ አሸዋውን ያሞቃል። የቀጠነው ነዳጅ፣ ወደ ውሃነት ከተመለሰው እንፋሎት ጋር፣ በራሱ ክብደት ወደ ታችኛው ጉድጓድ ይወርዳል። ዘዴውን ያፈለቀው መሐንዲሱ ሮጀር በትለር ነው። ከባዱን ሥራ ለመሬት ስበት መተዉ ሁሌም ይገርመኛል።

«ታዲያ የፈላ ውሃ ለምን አይበቃም?»

በተራ የአየር ግፊት አንድ ኪሎ ውሃን ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 420 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመቀየር ግን ሌላ 2,260 ያህል ይፈጃል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን አሸዋ ሲነካ ይህን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። የድስት ክዳን ሲነሳ እጅ ላይ የሚያርፈው እንፋሎት ክፉኛ የሚያቃጥለው በዚሁ ምክንያት ነው።

«አዲስ ቴክኖሎጂ ነው»

የለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ኩባንያው ሼል ባለሙያዎች በቬኔዝዌላው ሜኔ ግራንዴ የነዳጅ ማውጫ እንፋሎት ሲያስገቡ መሬቱን ጥሶ ወጣባቸው። ግፊቱን ለማስተንፈስ ጉድጓዱን ቢከፍቱት ነዳጅ መጣ! እንፋሎት አስገብቶ፣ አቆይቶ፣ በዚያው ጉድጓድ ነዳጅ የማውጣት ዘዴ የተገኘው እንዲህ በአጋጣሚ ነው። በ1899 የተገኘው የካሊፎርኒያው ከርን ሪቨር የነዳጅ ማውጫም በ1960ዎቹ እንፋሎት ሲገባበት እንደገና አንሰራራ።

«ያው ፍራኪንግ ነው»

ፍራኪንግ ፈሳሽን በከፍተኛ ግፊት አስገብቶ አለትን በመሰንጠቅ ነዳጅ ማውጣት ነው። በሁለቱ ጉድጓዶች ዘዴ ግን ነዳጁን እንደ ክዳን የሸፈነው የላዩ አለት እንዲሰነጠቅ አይፈለግም፤ እንዲያውም የሚፈራው እሱ ነው። በ2006 በአልበርታው የጆስሊን ማውጫ እንፋሎቱ ይህን ክዳን በስቶ አፈርና ድንጋይ እየበተነ ፈነዳ። በዚያው በአልበርታ ባለው ኮልድ ሌክ ግን እንፋሎቱ ነዳጅ የያዘውን አሸዋ እስኪሰነጥቅ በሚደርስ ግፊት የሚገባበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ፈጽሞ ስንጥቅ የለም» ማለትም ልክ አይደለም።

«ውሃ ብቻ ስለሆነ ንጹህ ነው»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። እንፋሎቱ ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚያፈላው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ለአንድ በርሜል ነዳጅ ሦስት በርሜል ውሃ ወደ እንፋሎት ከተቀየረ፣ በርሜሉ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማ ገና ሳይወጣ ወጪ ሆኗል ማለት ነው። ጭሱም አብሮ ይቆጠራል። ከነዳጁ ጋር የሚወጣው ውሃ አብዛኛው ተጣርቶ እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል፤ የጋዙ ጭስ ግን አየር ላይ ይቀራል። ኦማን በሚራህ ፕሮጀክቷ በ2017 በመስታወት ቤቶች ውስጥ በተደረደሩ ብርሃን አንጸባራቂ መስታወቶች የፀሐይን ሙቀት ሰብስባ እንፋሎት ማምረት ጀመረች። ይህ የሚቀንሰው ማውጫ ላይ የሚነደውን ጋዝ ነው። ነዳጁ ራሱ መኪና ውስጥ ሲቃጠል የሚወጣውን ጭስ አይነካውም።