ስለ ትንሿ የኪስ ካሜራ የሚወራውና እውነታው

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «ይቺ ኪስ ውስጥ የምትገባ ዲጂታል ካሜራ ትረባለች?» ይሉኛል። እኔ ለዓመታት ይዣታለሁ፣ እወዳታለሁም። ሰው ግን ወይ ያለ ልኳ ያሞግሳታል፣ ወይ ያለ ጥፋቷ ያጣጥላታል።

«20 ሜጋፒክሰል ስለሆነች ጥርት አድርጋ ታነሳለች»

ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው ቁጥር ይሄ ነው። ሜጋፒክሰል ግን ምስሉ ስንት ነጥብ እንዳለው እንጂ ጥራቱን አይነግርም። ወሳኙ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። የአብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች ሴንሰር 6 በ4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያንሳል። የባለሙያዎቹ ትልቅ ካሜራ ሴንሰር፣ «ፉል ፍሬም» የሚባለው፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። በስፋት 30 እጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። 20 ሚሊዮን ነጥብ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጨቅ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት ነው። ጠዋት ፀሐይ የፋሲል ግንብ ላይ ስታርፍ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ሲመሽ ግን ጥላው ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ደግሞ 13 በ18 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ለማሳተም 3 ሜጋፒክሰል ገደማ ይበቃል።

«ፍላሽ ስላላት ጨለማ አያስቸግራትም»

ያስቸግራታል። የእነዚህ ካሜራዎች ፍላሽ ከ3 ወይም ከ4 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥር 10፣ የከተራ ማታ፣ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ፍላሹን እያበራሁ ብዙ ፎቶ አንስቼ ነበር። በማግስቱ ሳየው ፊቴ የቆመው ሰው ነጠላ ብቻ ቦግ ብሏል። ከኋላው ድፍን ጨለማ ነው። በጣም አዘንኩ። አሁን ፍላሹን አጥፍቼ ክርኔን ግንብ ላይ አስደግፋለሁ። ሻማውና ጧፉ የራሱ ብርሃን አለው።

እዚያው ጎንደር ያለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው ነው። ጣሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር የመላእክት ፊት ተሥሏል። ለጥንት ሥዕል ፍላሽ አይበጅም። አስፈቅዳችሁ ካሜራዋን በጀርባዋ ወለሉ ላይ አስተኟት፤ የ2 ሴኮንድ ታይመር አስተካክሉና እጃችሁን አንሱ። ትንሽና ጠፍጣፋ መሆኗ የሚጠቅመው ይሄኔ ነው። ትልቁን ካሜራ እንዲህ ማስተኛት ይከብዳል።

«መንቀጥቀጥ ስለምትከላከል ፎቶው አይደበዝዝም»

የምትከላከለው የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ነው። የጥምቀት ጠዋት፣ ውሃው ከተባረከ በኋላ ዘሎ የሚገባውን ወጣት ግን አታቆምላችሁም። እሱን የሚያቆመው የሹተር ፍጥነት ነው፤ ካሜራዋ ብርሃን የምታስገባበት ጊዜ ሲያጥር ማለት ነው። ሌላም ችግር አለ፤ ፎከስ እስክታደርግ ልጁ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ቁልፉን አስቀድማችሁ ግማሽ ድረስ ተጫኑና ጠብቁ፣ ሲዘል ጨርሱት።

«ዙሟ ሩቅ ይደርሳል»

ካርቶኑ ላይ «ኦፕቲካል» የሚለውን፣ ማለትም በሌንሱ የሚሠራውን ዙም፣ ብቻ እመኑ። ዲጂታል ዙም ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ነው። ኮምፒውተር ላይ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

«ስልክ እያለ ምን ትሠራለች?»

ማታ ላይ ብዙ የዛሬ ስልኮች ይበልጧታል፤ በአንድ ጊዜ በርካታ ምስል አንስተው ያዋህዳሉ። በቀን ግን ሌንሷ እውነተኛ ዙም አለው። ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ የካህናቱን ጃንጥላ ጥልፍ አቅርቤ አይበታለሁ። የስልኬ ቻርጅም ለስልክ ይቀራል። ደግሞ ትልቅ ካሜራ ሲደገንባቸው ፊታቸውን የሚያዞሩ እናቶች ለዚች ፈገግ ይላሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

«ትንሽ ስለሆነች እንዲሁ ኪስ ውስጥ ትጣል»

ሌንሷ ወጣ ገባ ሲል አቧራ ይስባል። ሴንሰሩ ላይ ካረፈ ቤት ውስጥ አይጸዳም። ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አሰፉላት። ባትሪዋም ትንሽ ነው፤ ለከተራ ስትወጡ ትርፍ ባትሪ በሌላኛው ኪስ ይኑር።