ካሂኪ፦ ቤቱ ፈርሶ ዕቃው የቀረው የኮለምበስ ምግብ ቤት

ኮለምበስ የአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ባሕር የላትም፤ ክረምቷም በረዶ ነው። በዚህች ከተማ፣ ኢስት ብሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ለአርባ ዓመት ገደማ የፓስፊክ ደሴት መንደር የሚመስል ግዙፍ ምግብ ቤት ነበር። ስሙ ካሂኪ ይባላል። በ1961 ተከፈተ፣ በ2000 ተዘጋ፣ በዚያው ዓመት ፈረሰ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ላይ ፋርማሲ ተሠራበት።

ሕንፃው የለም። ዕቃው ግን አለ። የካሂኪ ኩባያ፣ ሜኑ፣ ክብሪትና ፖስት ካርድ ዛሬም በየሰው ቤት ይገኛል። ለእኔ የካሂኪ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። መንግሥት ቤቱን በቅርስነት መዝግቦት ነበር፤ ከመፍረስ አላዳነውም። ተራው ደንበኛ ግን እራቱን በልቶ ሲወጣ ኪሱ የከተታት ነገር ቤቱን አልፋ ቆየች።

ካሂኪ ብቻውን የበቀለ ቤት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የአልኮል ክልከላው በ1933 መጨረሻ ሲነሳ፣ ኧርነስት ጋንት የሚባል ብዙ አገር የዞረ ሰው ሆሊውድ ውስጥ ትንሽ መጠጥ ቤት ከፈተ። ቤቱን በቀርከሃ፣ በዓሣ መረብና ከመርከብ በተራረፉ ዕቃዎች አስጌጠው። ረም የሚባለውን ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ አልኮል ከሎሚ፣ ከፍራፍሬ ጭማቂና ከቅመም ጋር እየቀላቀለ ይሸጥ ጀመር። ነገሩ ሲሰምርለት ስሙን ሳይቀር ቀይሮ ዶን ቢች ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ ቪክተር በርዠሮን የተባለ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ቤት ይዞ መጣ፤ እሱም ትሬደር ቪክስ ነው። ዛሬ በየሆቴሉ ሜኑ ላይ የምናየውን ማይ ታይ የተባለ መጠጥ በ1944 የፈጠርኩት እኔ ነኝ ይል ነበር። ዶን ቢች ግን በዚህ አልተስማማም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እጅግ ብዙ አሜሪካውያን ወጣቶች በፓስፊክ ደሴቶች ዘመቱ። ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ ዘንባባና ስለ ባሕር ዳርቻ ሆነ። በ1959 ሃዋይ ሃምሳኛዋ ግዛት ሆነች። የጄት አውሮፕላንም ጉዞውን አሳጠረው። ሃዋይ ድረስ መሄድ ያልቻለው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ከተማው ውስጥ ያለ ቲኪ ቤት፣ ማለትም በፓስፊክ ደሴቶች ስልት ያጌጠ መጠጥና ምግብ ቤት፣ ሄዶ ይዝናናል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እንዲህ ያለ ቤት የሌለው ትልቅ የአሜሪካ ከተማ ማግኘት ከባድ ነበር።

ቢል ሳፕና ሊ ሄንሪ የሚባሉ ሁለት የኮለምበስ ነጋዴዎች መጀመሪያ ግራስ ሻክ የሚባል ትንሽ የቲኪ ባር ነበራቸው። ያ ባር በ1959 ተቃጠለ። እነሱም ሌላ ትንሽ ባር ከመሥራት ይልቅ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው ካሂኪን ገነቡ። በዚያ ዘመን ይሄ ለአንድ ምግብ ቤት ትልቅ ገንዘብ ነው። መልኩን የነደፈው ኮበርን ሞርጋን የሚባል ዲዛይነር ነው። ጣሪያው ወደ ሰማይ ሾጥጦ እንደ ታንኳ ጎበጥ ያለ ነበር። በበሩ ግራና ቀኝ የራፓ ኑይ (ኢስተር) ደሴት የድንጋይ ሐውልቶች ዓይነት ሁለት ትላልቅ ራሶች ቆመዋል፤ ከአናታቸው ላይ እሳት ይነድዳል። በመኪና የሚያልፍ ሰው ሳያያቸው ማለፍ አይችልም።

ውስጡ እንደ መንደር የተከፋፈለ ነበር። በመሐል መንገድ አለ፤ በግራና በቀኝ ጎጆ የሚመስሉ መመገቢያዎች። በአንዱ ወገን በዓሣ የተሞሉ የመስታወት ገንዳዎች ተደርድረዋል። በሌላው ወገን ደግሞ ከመስኮቱ ጀርባ ጫካ ተሠርቶ፣ ነጎድጓድና መብረቅ እየተሰማ ዝናብ ይዘንባል። ውጭ በረዶ ቢጥልም ውስጥ የሚዘንበው የሞቃት አገር ዝናብ ነው። ከመሐል ዓይኑ ቀይ የሚበራ፣ አፉ የእሳት ምድጃ የሆነ ግዙፍ የድንጋይ ፊት ነበር። ካሂኪን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ብዙውን ጊዜ ይሄንን ፊት ነው።

ሌላው የማይረሳው የሚስጥር መጠጥ የሚባለው ነው። ለአራት ሰው የሚሆን ትልቅ ሳህን ነው። ደረቅ በረዶ ስለሚገባበት ጭሱ በጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። ሲታዘዝ የነሐስ ጎንግ ይመታል፤ ቤቱ ሁሉ ዞር ይላል። ከዚያ የሚስጥር ልጃገረድ የምትባለው አስተናጋጅ ሳህኑን ይዛ ብቅ ትላለች። ለእንግዳው የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ ታጠልቅለታለች። አራቱ ሰዎች በረጃጅም ስትሮ ከአንድ ሳህን ይጠጣሉ። ከአንድ ትሪ በልቶ ያደገ ሰው የዚህ ነገር ደስታ ወዲያው ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ካሂኪ ፖሊኔዥያ፣ ማለትም ከሃዋይ እስከ ኒውዚላንድና ራፓ ኑይ የተዘረጋው የፓስፊክ ደሴቶች ክልል፣ አልነበረም። የጣሪያው አሠራር ከኒው ጊኒ የስብሰባ ቤቶች የተወሰደ ነው፤ ኒው ጊኒ ደግሞ ከነጭራሹ ፖሊኔዥያ ውስጥ አትገባም። በሩ ላይ ያሉት ራሶች የራፓ ኑይ ናቸው፤ ሁለቱ ቦታዎች በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ምግቡ በአብዛኛው የካንቶን ቻይና ምግብ ነው። የቲኪ ቤቶች ኩባያ ብዙውን ጊዜ ጃፓን የተሠራ ነበር። የመጠጡ መሠረት የካሪቢያን ረም ነው። ለማርኬሳስ ደሴቶች ሰዎችና ለኒውዚላንድ ነባር ሕዝቦች ለማኦሪዎች ቲኪ የአባቶችና የአማልክት ምስል ነው፤ የተከበረ ነገር ነው። እሱን የመጠጥ ዕቃ ማድረግ የሚያስቀይማቸው የደሴቶቹ ተወላጆች አሉ። ቅር መሰኘታቸው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ካሂኪን በትክክል ማስታወስ ማለት በ1961 የኦሃዮ ሰው በሐሳቡ የሣለውን ደሴት ማስታወስ ነው። ያ ሐሳብ ራሱ ታሪክ ነው፤ የፓስፊክ ሕዝቦች ታሪክ ግን አይደለም።

በ1970ዎቹ ዘመኑ ተለወጠ። ወጣቱ ወላጆቹ የሚወዱትን ነገር ጠላ። በየከተማው ቲኪ ቤቶች ተዘጉ፣ ፈረሱ። ካሂኪ ግን ቀጠለ። በ1978 ማይክል ጻኦና ሚች ቦይች ገዙት፤ በኋላ ጻኦ ብቻውን ባለቤት ሆነ። ጻኦ ከምግብ ቤቱ ጎን የታሸገና የቀዘቀዘ ምግብ በካሂኪ ስም ማምረት ጀመረ። ያ ንግድ ከምግብ ቤቱ በላይ አደገ። ምግብ ቤቱ ከተዘጋ በኋላም ካሂኪ የሚለው ስም በሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀጠለ። እኔ የዚያን ምግብ ካርቶን ከማስታወሻ ዕቃዎቹ አልለየውም። ከኩባያው እኩል የቤቱ ዘር ነው።

በ1997 ካሂኪ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። ብዙ ሰው ይሄ ከመፍረስ ያድናል ብሎ ያስባል። አያድንም። ንብረቱ የግል ከሆነና ባለቤቱ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ ካልተጠቀመ፣ መዝገቡ ባለቤቱን ማፍረስ አይከለክለውም። ክብር ነው፤ ጥበቃ አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ቦታው ለዋልግሪንስ ፋርማሲ ተሸጠ። በነሐሴ 2000 በሩ ተዘጋ፤ በኅዳር ማፍረሻ ማሽን ገባበት። ጻኦ ሌላ ቦታ አዲስ ካሂኪ እሠራለሁ የሚል ዕቅድ ነበረው። ሳይሳካለት በ2005 አረፈ።

ለማነጻጸር ያህል፣ ፍሎሪዳ ፎርት ላውደርዴል ያለውን ማይ ካይ እንይ። በ1956 መጨረሻ ተከፈተ፤ በ2014 እሱም በብሔራዊ መዝገብ ገባ። በ2020 በጣሪያ ብልሽት ተዘጋ። ያበቃለት መስሎ ነበር። ግን ገንዘብ ያለውና ሊያድነው የፈለገ ባለቤት ስላገኘ ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፈተ። ሁለቱም ቤቶች መዝገቡ ላይ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ባለቤቱ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልምጣ።

ከሁሉ ትንሿ የወረቀት ክብሪት ናት። ያኔ ክብሪት በየምግብ ቤቱ በነፃ ይሰጣል፤ ማስታወቂያ ነበር። ለተመራማሪ ወርቅ ናት፤ ስም፣ አድራሻና ስልክ ይዛለች፤ ብዙ ጊዜም የቤቱን ሥዕል። ዕድሜዋንም ትናገራለች። የመጫሪያው ሻካራ መስመር ከፊት ለፊት ሽፋኑ ሥር ከሆነ፣ ክብሪቷ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራች ናት ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ለጥንቃቄ ሲባል መጫሪያው ወደ ጀርባ ዞሯል።

ፖስት ካርድም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ዚፕ ኮድ የሚባለውን የፖስታ ቁጥር የጀመረችው በ1963 ነው። አድራሻው ላይ ዚፕ ኮድ የሌለው የካሂኪ ካርድ ምናልባት ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ዚፕ ኮድ ያለው ግን በእርግጠኝነት ከዚያ በኋላ ታትሟል። ከጀርባው የተጻፈ ካለ ደግሞ ዋጋው በገንዘብ አይተመንም። የፖስታ ቤት ማኅተም ቀኑን ይነግረናል፤ ጽሑፉ ማን ከማን ጋር ምን ሊያከብር እንደሄደ ይነግረናል።

ሜኑው ከሁሉም ብዙ ያወራል። በካሂኪ የመጠጥ ሜኑ ላይ መጠጦቹ በቀለም ተሥለዋል፤ እያንዳንዱ በራሱ ኩባያ ወይም ብርጭቆ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ኩባያ የተገኘ እንደሆነ ምን ይጠጣበት እንደነበር ሜኑው ላይ ማየት ይቻላል። ዋጋው ዘመኑን ይጠቁማል። አንዳንዱ ሜኑ ላይ ዋጋ በእስክሪቢቶ ተሰርዞ በላዩ ሌላ ተጽፏል። ይሄን የመሰለውን የዋጋ ንረት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አታገኙትም። የምግቡ ዝርዝርም ቤቱ የሚለውንና የሚያቀርበውን ጎን ለጎን ያሳያል፤ ከፊት የደሴት ሥዕል፣ ከውስጥ የቻይና ምግብ።

ሜኑው የማይነግረን ጣዕሙን ነው። ከዶን ቢች ጀምሮ የቲኪ ቤቶች አሠራራቸውን ይደብቁ ነበር። ዶን ቢች ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥርና የምስጢር ስም ይለጥፍ ነበር፤ ቀጂው ራሱ የሚቀላቅለው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። ሠራተኛው ተቀናቃኝ ቤት ቢቀጠርም ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። በዚህ ምክንያት ብዙ መጠጥ ከነስሙና ከነሥዕሉ ቀርቶ አሠራሩ ጠፍቷል። በኋላ የተገኙትም የድሮ ቀጂዎች በኪሳቸው ይይዟቸው ከነበሩ ማስታወሻ ደብተሮች እየተለቀሙ ነው።

ኩባያው የሰብሳቢዎች ሁሉ ምኞት ነው። ከሸክላ የተሠራ፣ በቡናማ ወይም በአረንጓዴ ቅብ የሚያብረቀርቅ፣ ፊት ያለው ኩባያ። አንዱን ገልብጦ ከሥሩ ማየት ነው። እዚያ የአስመጪው ማኅተም፣ የተሠራበት አገር፣ አንዳንዴም የምግብ ቤቱ ስም አለ። ስም የሌለው ኩባያ ከየትኛውም ቲኪ ቤት ሊሆን ይችላል፤ አምራቾቹ አንዱን ቅርጽ ለብዙ ቤት ይሸጡ ነበርና። የቤቱን ምድጃ ፊት የሚመስለው የካሂኪ ኩባያ ግን ከሌላ ጋር አይምታታም። ሻጭ ስሙን በቃል ብቻ ሲነግራችሁ አትመኑ። ማኅተሙን እዩ። ያረጀ ኩባያ የጠርዙ ቅብ ይሳሳል፤ ከሥሩ ደግሞ ጠረጴዛ የፋቀው ምልክት ይኖረዋል። አዳዲስ ቅጂዎችም በዝተዋል። ቅጂ መሆኑ ተነግሮ እስከተሸጠ ድረስ ነውር የለበትም።

የፕላስቲክ ማማሰያውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ እወደዋለሁ። መጠጡ ካለቀ በኋላ የሚጣል ነገር ነበር። ያልጣለው ሰው ሆን ብሎ ነው ያልጣለው።

በ1980ዎቹ እነዚህ ዕቃዎች በአሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በሳንቲም የሚሸጡ ነበሩ። ማንም አይፈልጋቸውም። በ1990ዎቹ ግን አዲስ ትውልድ ቲኪን እንደገና አገኘው፤ ሰብሳቢዎች ተፈላለጉ፣ ዋጋው ወጣ። ካሂኪ የተዘጋው ልክ ፍቅሩ በተመለሰበት ሰዓት ላይ መሆኑ ያንገበግባል። ጥቂት ዓመት ቢቆይ ኖሮ የሚያድነው ሰው ያገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የዋጋው መውጣት የራሱን ጣጣ አምጥቷል። ኩባያ ከባለቤቱ ተለይቶ ሲሸጥ ታሪኩ አብሮት አይሄድም። ሰውየው በካሂኪ ቀለበት አስሮ እንደነበር፣ ኩባያው የዚያን ምሽት ማስታወሻ እንደሆነ ገዢው አያውቅም። ሰብሳቢው ራሱ ሲሞት ደግሞ ልጆቹ ሁሉንም በአንድ ካርቶን ያወጡታል። በ1961 ሃያ ዓመት የሞላው አስተናጋጅ ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። ኮለምበስ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ በቁም ሳጥኑ ያለው ሰው ማድረግ ያለበት ቀላል ነገር ነው፤ ማን እንዳመጣው፣ መቼ፣ በምን ምክንያት ቤቱ እንደሄደ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ኩባያው ውስጥ ይክተት።