የሕፃን መቀመጫ ወደ ፊት የሚዞረው መቼ ነው?

«ልጄ ዓመት ሞላው፤ የመኪና መቀመጫውን ወደ ፊት ላዙረው?» በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት እናቶች ጠየቁኝ።

ልደቱ አይደለም የሚወስነው። መቀመጫው ላይ የተለጠፈውን፣ ወደ ኋላ ዞሮ የሚይዘውን የክብደትና የቁመት ልክ እዩ። ልጁ እዚያ እስኪደርስ ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ይሁን። አይ-ሳይዝ የሚባለው የአውሮፓ የልጆች መኪና መቀመጫ ደንብም ከ15 ወር በፊት ማዞር አይፈቅድም።

ለምን? የሕፃን ጭንቅላት ከባድ ነው፤ አንገቱ ገና አልጠናም። ከሐረር ስትመለሱ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው ድንገት ከፊት ቢጋጭ፣ ወደ ኋላ የዞረ ልጅ ጀርባው፣ አንገቱና ጭንቅላቱ አንድ ላይ በመቀመጫው ይደገፋሉ። ወደ ፊት የዞረው ግን ትከሻውን ቀበቶ ይዞት ጭንቅላቱ ብቻውን ይወረወራል።

ለምሳሌ ልኩ እስከ 18 ኪሎ ቢል፣ 11 ኪሎ የሚመዝን የ14 ወር ልጅ ቁመቱ ካላለፈ ገና ነው። እግሩ መታጠፉ አያሳስባችሁ። ልጆች እንደሆኑ አጣጥፈው መቀመጥ ይወዳሉ።

ልኩ ከመቀመጫ መቀመጫ ይለያያል። የማይለያየው ይሄ ነው፦ የሚሠራ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት) ፊት ለፊት ወደ ኋላ የዞረ መቀመጫ በፍጹም አይታሰርም። ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው የሕፃኑን ጭንቅላት የያዘውን ጀርባ ነው።

ደግሞ በድሬ ፀሐይ የቀበቶው ብረት ያቃጥላል። መጀመሪያ በእጃችሁ ንኩት።