ውሃ ውስጥ መኖር፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ሲታይ

ጣርማበር ላይ የባዶ ሃይላንድ ክዳን አጥብቃችሁ ዝጉና ወደ ሸዋ ሮቢት ውረዱ። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ቆላው ሲጀምር የላስቲኩ ጎን ይጨማደዳል፤ ጆሯችሁም ይደፈናል። ቆላው ላይ አየሩ ስለሚከብድ ነው። ሰው ውሃ ውስጥ መኖር ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄም ትልቁ ቋጠሮ ይኸው ግፊት ነው።

በእኛ ዘንድ ነገሩ ሲነሳ ቀድመው የሚታወሱት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። በዝቋላ ባሕር ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ 100 ዓመት እንደጸለዩ ይነገራል። ያ የጻድቁ ጸጋ ነው። እዚህ የምናየው የተራ ሰው ሙከራ ነው።

ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ሲጠልቁ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ከምንተነፍሰው አየር ናይትሮጅን የተባለው ጋዝ ሰውነት ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ድንገት ከወጣ ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ይሠራል፤ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ደግነቱ ሰውነት አንዴ ናይትሮጅኑን ከጠገበ በኋላ ቢከርሙበትም ቀስ ብሎ የመውጫው ጊዜ አይረዝምም። ቤት መሥራት የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ሁለት ሰዎችን ማርሴይ አጠገብ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ለአንድ ሳምንት አኖረ። በ1963 ደግሞ ወደ ጎረቤታችን ሱዳን፣ ቀይ ባሕር መጣ። ሻዓብ ሩሚ በተባለው የኮራል ሪፍ ላይ አምስት ሰዎች በኮከብ ቅርጽ በተሠራ ቤት አንድ ወር ኖሩ። የቤቱ መግቢያ ከታች ክፍት ነበር፤ ውሃው ግን አይገባም። ብርጭቆ ገልብጣችሁ ሳፋ ውስጥ ብትደፍቁት የምታዩት ነው፦ የውስጡ አየር ውሃውን ይገፋዋል። ሁለት ሰዎች ደግሞ ጠለቅ ባለች ጎጆ አንድ ሳምንት ሰነበቱ። የመኪና ማቆሚያ እንደማለት ለትንሿ ሰርጓጅ መርከብ የተሠራው መጠለያ ዛሬም እዚያው ቆሟል። በ1965 ስድስት ሰዎች 100 ሜትር ላይ ሦስት ሳምንት ከረሙ። እዚያ ጥልቀት ናይትሮጅን ስለሚያሰክር በሂሊየም ተኩት፤ ድምፃቸው ግን ቀጠነ።

አሜሪካኖችም በዚያው ዘመን ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሰው ፍሎሪዳ ባለ የውሃ ውስጥ ቤት 100 ቀን ኖሯል።

እንግዲህ ለወራት መኖር ይቻላል። ኦክስጅንም ቢሆን ሰርጓጅ መርከቦች ከውሃ ያወጣሉ። ግን የእነኩስቶ ምግብና መብራት የመጣው ከላይ ነው። ልጅ ተወልዶ ያደገበት የውሃ ውስጥ ቤት እስካሁን የለም።

ለእኛ ደገኞች ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ጠላቂዎች ከባሕር እንደወጡ አውሮፕላን አይሳፈሩም፤ አንድ ቀን ገደማ ይጠብቃሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከአውሮፕላን ውስጥ አየር ይሳሳል። ከውሃ ውስጥ ቤት የወጣ እንግዳም ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ጠረፍ ላይ ማደር አለበት።