ፎከስ ምንድን ነው? በተንን ማቅለምና ፎከስ መስጠት አንድ አይደሉም

በኪቦርድ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ አንድን በተን (በስክሪኑ ላይ የሚጫን አዝራር) ከኮድ ለማጉላት «የጀርባ ቀለሙን ቀይረው፣ ፎከስ ማለት ያው እሱ ነው» የሚል መልስ ተደጋግሞ ይሰጣል። አይደለም! ፎከስ ያለው በተን ማለት ተጠቃሚው አሁን ቁልፍ ቢጫን መልእክቱ የሚደርሰው በተን ነው። ቀለሙ የዚያ ምልክት ነው።

አንድ ማይክ ብቻ ያለበትን ስብሰባ አስቡ። መብራቱን ወደፈለጋችሁት ሰው ብታዞሩ ሁሉም ያየዋል፤ የሚሰማው ግን ማይኩን የያዘው ነው። «አስቀምጥ» ደምቆ እያለ ፎከሱ «ሰርዝ» ላይ ከቀረ፣ ተጠቃሚው ኢንተር ሲጫን የሚሠራው «ሰርዝ» ነው። ስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ዓይነ ስውር ደግሞ መብራቱ መዞሩንም አያውቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማይኩን ስጡ፤ መብራቱ እሱን ይከተል። በድረ ገጽ ላይ የበተኑን የፎከስ ትእዛዝ (focus()) ጥሩና መልኩን የገጹን ገጽታ ለሚወስነው ለሲኤስኤስ ተዉት። በቀስት ቁልፎች በሚዞሩ በተኖች ላይ የተለመደው አሠራር የአሁኑን ታብኢንዴክስ (tabindex፣ በታብ ቁልፍ ይደረስበት እንደሆነ የሚወስን ቁጥር) 0፣ የሌሎቹን -1 ማድረግ ነው። ቀስት ሲጫን ሁለቱን ቁጥሮች ቀያይራችሁ የፎከስ ትእዛዙን ካልጠራችሁ ማይኩ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ጠራሁት፣ ምንም አልታየም» የሚል ቅሬታም አለ። ያኔ ቀለም ከመጨመር በፊት የገጹን አክቲቭ ኤለመንት (document.activeElement፣ አሁን ፎከስ ያለውን ክፍል) በኮንሶል አትማችሁ እዩ። በተኑ እሱ ከሆነ ፎከሱ ተሰጥቷል፤ ብራውዘሩ ተጠቃሚው በማውስ እየሠራ ነው ብሎ በበተኑ ዙሪያ የሚስለውን የፎከስ ቀለበት ሳያሳይ ቀርቶ ይሆናል። ካልሆነ ትእዛዙ የተጠራው በተኑ ገና ተደብቆ ሳለ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ስህተት እንኳ ሳያሳይ ያልፋል። የዴስክቶፕ መስኮቶች በሚሠሩበት በጃቫ ስዊንግም መስኮቱ ሳይታይ የተጠየቀ ፎከስ አይያዝም። ማይኩን እንደያዘ ከአዳራሹ የሚወጣም አለ፦ ፎከስ ያለውን በተን ከገጹ ብታጠፉት ፎከሱ ወደ ገጹ ቦዲ (ሁሉን ወደያዘው ዋና አካል) ይመለሳል፣ ቀስቶቹም ሥራ ያቆማሉ። ከማጥፋታችሁ በፊት ለጎረቤቱ አስተላልፉ።

ምሳሌው የማይሸፍነው ነገር አለ። በዴስክቶፕ የመልእክት ሳጥኖች (ዳያሎግ) ላይ ነባሪው፣ ማለትም ለኢንተር አስቀድሞ የተመደበው በተን ፎከስ ሳይኖረው ለኢንተር ሊመልስ ይችላል። የነባሪው በተን ጠርዝ መወፈሩ ስለዚህ ፎከስን አያመለክትም።

ብራውዘሩ የሚስለውን ቀለበት «ያስጠላል» ብሎ በሲኤስኤስ በአውትላይን ነን (outline: none) ማጥፋት ሌላው በደል ነው። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው (WCAG) በመስፈርት 2.4.7 ፎከስ እንዲታይ ያዛል፤ በ2023 የወጣው 2.2 እትም ደግሞ በከፍተኛው ደረጃው ቢያንስ 2 ፒክስል ውፍረት ካለው ጠርዝ ጋር የሚተካከል ስፋትና 3 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል። የራሳችሁን ቀለበት በጥላ (box-shadow) ብቻ ከሳላችሁ በዊንዶውስ ከፍተኛ ንፅፅር ሁነታ ይጠፋል። ባለ 2 ፒክስል የማይታይ (transparent) አውትላይን ጨምሩበት፤ በዚያ ሁነታ ሲስተሙ ራሱ ቀለም ይሰጠዋል።