የቤት ጥንቸልን ማምከን፦ ጎጃም ውስጥ ለሚያሳድጉ የቀረበ ዳሰሳ

ጥንቸልን ማምከን ማለት እንስሳዋ በሰመመን ውስጥ እያለች የሴቷን ማሕፀንና እንቁልጢ፣ ወንድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን የዘር ፍሬዎች በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። የሚደረገውም መራባትን ለማቆም፣ በጉልምስና ጊዜ የሚመጣውን ጠብና ሽንት መርጨት ለማብረድ፣ በሴቷም ላይ የማሕፀን ነቀርሳን አስቀድሞ ለመከላከል ነው። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በሌሎችም የጎጃም ከተሞች ጥንቸል ለልጆች ተብላ ወደ ግቢ ስትገባ ይህን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሁለቱ ጥንቸሎች አሥር ከሆኑ በኋላ ነው።

ገበሬው የሚያውቀውና የማያውቀው

ማኮላሸት ለጎጃም ገበሬ እንግዳ ሥራ አይደለም። ወይፈኑ ቀንበር ከለመደ በኋላ ይኮላሽና በሬ ይሆናል። የበግና የፍየል አውራም ተኮላሽቶ ይቀለብና ሙክት ሆኖ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ ይወጣል፤ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚረባው የዋሸራ በግ ሙክት የታወቀ ነው። የድሮው ዘዴ መቀጥቀጥ ነው፤ ቆለጡን ከሰውነት ጋር የሚያገናኘው ጅማት በእንጨትና በድንጋይ ተይዞ ይደቆሳል። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በዚህ ፈንታ ቡርዲዞ የሚባለውን ባለ ረጅም እጀታ መቆንጠጫ ይጠቀማሉ። መሣሪያው ቆዳውን ሳይቆርጥ ከሥሩ ያለውን የደም ሥርና የዘር ቧንቧ ይጨፈልቃል።

ከዚህ ልምድ ወደ ጥንቸል የሚሻገረው ዕውቀቱ ብቻ ነው፤ የተኮላሸ ወንድ እንደሚረጋ፣ ጠብ እንደሚቀንስና ለአያያዝ እንደሚመች ማንም ገበሬ ያውቃል። ዘዴው ግን አይሻገርም። የጥንቸል ቆለጥ የሚወርድበት ቀዳዳ ዕድሜ ልኩን ክፍት ስለሆነ፣ የደነገጠ ወንድ ፍሬውን ወደ ሆዱ መልሶ ይሰበስበዋል፤ ቆዳውም ስስ ነው። በጥንቸል ላይ መቀጥቀጥ፣ በክር ማሰር ወይም በጎማ ማነቅ ጭካኔ ነው፣ ሥራውንም አይሠራም። ጥንቸል የምትታደን እንስሳ ናት፤ ሕመሟን ደብቃ ዝም ትላለች እንጂ ብዙውን ጊዜ አትጮህም፣ ስለዚህም ያደረገባት ሰው ምን ያህል እንደጎዳት ላያውቅ ይችላል።

ገበሬው የሚያኮላሸው ደግሞ ወንዱን ብቻ ነው። ላምን ወይም እንስት በግን ማምከን በባህሉ ውስጥ የለም፤ ምክንያቱም የእንስቷ ጥቅም መውለዷ ነው። «ሴቷን እናምክን» የሚለው ሐሳብ ለብዙ ሽማግሌዎች እንግዳ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። በጥንቸል ግን፣ ከታች እንደምናየው፣ በጤና ረገድ ከማምከን ይበልጥ የምትጠቀመው ሴቷ ናት።

ትርፉ ግልገል የት ይሂድ?

በሌላ አገር ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው አንድ ልዩነት ልብ ሊል ይገባል። በአብዛኛው የጎጃም ሕዝብ ዘንድ ጥንቸል አይበላም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሰኮናቸው ስላልተሰነጠቀ እንዳይበሉ ከተከለከሉት እንስሳት መካከል ይቆጥሯታል። በግቢ ውስጥ የበዛ አውራ ዶሮ ለበዓል ይታረዳል፣ የበዛ ጠቦት ገበያ ይወጣል፤ የበዛች ጥንቸል ግን ከሌላ ልጅ እጅ በቀር መሄጃ የላትም። የመጀመሪያዎቹን ግልገሎች ጎረቤት በደስታ ይወስዳል። ሁለተኛውን ዙር የሚወስደው እየተግደረደረ ነው። ሦስተኛው ዙር ሲመጣ ሰው በር አይከፍትም።

«ዱር ይለቀቁ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ይህ ግን ለሞት መስጠት ነው። በጎጃም ማሳና ቁጥቋጦ መካከል የምትሮጠው የዱር ጥንቸል የሌላ ወገን ናት። ጉድጓድ አትቆፍርም፣ ልጆቿንም ፀጉር ለብሰው ዓይናቸውን ገልጠው ትወልዳቸዋለች። የቤቷ ጥንቸል ዝርያዋ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ሲሆን፣ ግልገሎቿ ራቁታቸውንና ዕውር ሆነው ነው የሚወለዱት። ሁለቱ አይዳቀሉም። ከሰው ግቢ የወጣች ነጭ ጥንቸል በአንድ ሌሊት የውሻ፣ የድመት ወይም የሸለምጥማጥ ሲሳይ ትሆናለች።

እንዴት ይበዛሉ?

ሴት ጥንቸል እንደ ላም ጊዜ ጠብቃ አትፈልግም። እንቁላሏ የሚለቀቀው ከወንድ ጋር ከተገናኘች ከአሥር ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ በማንኛውም ወር ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ በወለደች ዕለት እንደገና ማርገዝም ትችላለች። በመስቀል ሰሞን አብረው የዋሉ ጥንዶች በጥቅምት አጋማሽ ይወልዳሉ እንበል። ወንዱ ካልተለየ ሁለተኛው ዙር በኅዳር፣ ሦስተኛው በታኅሣሥ ሊከተል ይችላል። የጥቅምቶቹ ግልገሎች በየካቲትና በመጋቢት ራሳቸው ለመራባት ይደርሳሉ፤ ወንድምና እኅት መሆናቸው ደግሞ አያግዳቸውም። በአንድ ወሊድ ከአራት እስከ አሥር ግልገል መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ፋሲካ ሲደርስ ግቢው ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም።

ነገሩን የሚያባብሰው ጾታን መሳሳት ነው። «ሁለቱም ሴቶች ናቸው» ተብለው የተሸጡ ጥንዶች ሲወልዱ ማየት የተለመደ ነው። ለመለየት ግልገሉን በጭን ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ ጀርባውን ደግፎ ይዞ፣ ከፊንጢጣው በላይ ያለውን ቀዳዳ በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ወደ ሆድና ወደ ጅራት መግፋት ነው። ወንድ ከሆነ ጫፉ ክብ የሆነ ትንሽ ቱቦ ብቅ ይላል፤ ሴት ከሆነች ወደ ጅራት የሚወርድ ስንጥቅ ይታያል። ሁለት ወር ያልሞላቸውን መለየት ሐኪምንም ያሳስታል። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ሲሆን በወንዱ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት ሞላላ፣ ፀጉራቸው የሳሳ ከረጢቶች መታየት ይጀምራሉ፤ ያኔ ጥርጥሩ ያበቃል።

የወንዱ

የወንዱ ቀዶ ጥገና አጭር ነው። የዘር ፍሬዎቹ ከወረዱ በኋላ፣ ከሦስት ወር ተኩል ወይም ከአራት ወር ዕድሜ ጀምሮ ሊደረግ ይችላል። ሐኪሙ ፍሬዎቹን ካወጣ በኋላ ያንን ክፍት ቀዳዳ መዝጋቱ ወይም አንጀት እንዳይወርድበት ማድረጉ ወሳኝ ነው፤ ጠቦት ማኮላሸት ብቻ የለመደ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የተኮላሸ ወንድ ሽንት መርጨቱንና ያገኘውን ሁሉ መጫኑን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ነገር ግን በቧንቧው ውስጥ የቀረው ዘር ስላለ ወዲያው መካን አይሆንም፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከሴቷ ተለይቶ መቆየት አለበት። ብዙ ሰው «ተኮላሽቷል» ብሎ በሳምንቱ ይመልሰውና በወሩ ግልገል ያገኛል።

የሴቷ

የሴቷ ሆድ መከፈትን ስለሚጠይቅ ከበድ ይላል፤ ዕድሜዋ አምስት ወይም ስድስት ወር ሲሞላ ቢደረግ ይመረጣል። ትልቁ ምክንያት የማሕፀን ነቀርሳ ነው። ባልመከኑ ሴት ጥንቸሎች ላይ ከሚታዩ የነቀርሳ ዓይነቶች ዋነኛው ሲሆን፣ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከአራት ዓመት በላይ ከሆኑት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ አግኝተውታል። ይህ ቁጥር ለሁሉም ዝርያ እኩል እንደሚሠራ አድርጎ መጥቀስ ግን ልክ አይደለም፤ የተጠኑት የተወሰኑ ዝርያዎች ናቸው፣ የኛ ግቢ ጥንቸሎች ደግሞ አብዛኞቹ ድቅል ናቸው። ያም ሆኖ በጥሩ አያያዝ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ልትኖር ለምትችል እንስሳ አደጋው ቀላል አይደለም። ያልመከነች ሴት ሐሰተኛ እርግዝናም ይይዛታል፤ ሳታረግዝ የደረቷን ፀጉር እየነጨች ጎጆ ትሠራለች፣ እጅ ሲገባባትም ትናከሳለች፤ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል።

የሰመመኑ አደጋ

ጥንቸል ለሰመመን ከውሻና ከድመት ይልቅ ስስ ናት። በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሰፊ ጥናት በሰመመን ምክንያት የሚሞቱት ውሾች 0.17 በመቶ፣ ድመቶች 0.24 በመቶ፣ ጥንቸሎች ግን 1.39 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ጤነኛ የሆኑት ጥንቸሎች ብቻ ሲቆጠሩ ወደ 0.73 በመቶ ይወርዳል። ይህ እንግዲህ የሰመመን ጋዝ፣ የሙቀት መጠበቂያና የለመደ እጅ ባለበት አገር ነው።

በጎጃም ወረዳዎች ያሉት የእንስሳት ጤና ኬላዎችና ክሊኒኮች የተቋቋሙት ለከብት፣ ለበግና ፍየል፣ ለጋማ ከብትና ለዶሮ ነው፤ ውሏቸው ክትባትና የጥገኛ ትላትል ሕክምና ነው። ስለዚህ ለሴቷ ቀዶ ጥገና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ወደሚሰጥባቸው ተቋማት መጠየቅ ይበጃል። ለባሕር ዳር ነዋሪ የከተማው ዩኒቨርሲቲና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይቀርባሉ፤ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከደጀን የሚነሣ፣ አዲስ አበባ ቤተሰብ ያለው ሰው ደግሞ ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅ ይችላል። ጥንቸሏን ጭኖ ከመሄድ በፊት ግን በስልክ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአባይን በረሃ በቀትር ማቋረጥ ለጥንቸል ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ሐኪሙ የሚጠየቀው «ታውቅበታለህ ወይ» ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ማንም «አዎ» ይላል። ይልቁን «ከዋዜማው ምግብ ልከልክላት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ይገልጣል። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፣ አንጀቷም ባዶ ሲሆን ይቆማል፤ ስለዚህ እንደ ውሻ እንድትጾም ማድረግ ስሕተት ነው። «አዎ፣ ከልክል» ያለ ሐኪም ጥንቸል አልለመደም ማለት ነው። ቀጥሎ በሚዛን መዝኖ መድኃኒት እንደሚሰጥ፣ በቀዶ ጥገናው ጊዜ እንደሚያሞቃት፣ የሕመም ማስታገሻም እንደሚሰጥ መጠየቅ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የፀረ ባክቴሪያው ጉዳይ ነው። አሞክሲሲሊንና አምፒሲሊን በአፍ ሲሰጡ፣ ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲንም እንዲሁ፣ በጥንቸል አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ገድለው ለሞት የሚያደርስ ተቅማጥ ያስከትላሉ። ከቤት መድኃኒት ሣጥን የተረፈ የሰው ካፕሱል ፈትቶ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ

ወደ ቤት የተመለሰች ጥንቸል መጀመሪያ የሚታየው ስፌቷ ሳይሆን አፏና ኩሷ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ድርቆሽ ማኘክ መጀመር አለባት። የምትወደውን ቅጠል፣ ለምሳሌ የካሮት ቅጠል ወይም ትኩስ ሰርዶ፣ ከአፏ አጠገብ ማድረግ ይረዳል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካልበላች ወይም ኩስ ካልጣለች ነገ ይሻላታል ብሎ ማደር አያስፈልግም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ትመለስ። መኝታዋ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጋዜጣ ይሁን፤ ሰጋቱራና የጤፍ ጭድ ከቁስሉ ጋር ይጣበቃሉ። ዝንብ በሚበዛበት ወራት ሌላ ጠላት አለ፤ በቁስሉ ወይም በሽንት በረጠበው ፀጉር ላይ እንቁላሉን ይጥልና በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊያፈላ ይችላል፤ ጠዋትና ማታ ከጅራቷ ሥር መመልከት ይገባል።

እንግዲህ የትኛው?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ይህ ነው፦ ወንድና ሴት ያለው ሰው ወንዱን ያስኮላሽ። ሥራው ቀላል ነው፣ አደጋውም ከሴቷ ያነሰ ነው፤ የግልገሉንም ጉዳይ ከምንጩ ያደርቀዋል። የሴቷ ቀዶ ጥገና፣ ጥንቸል የለመደ ሐኪም ከተገኘ፣ ይደረግ፤ ካልተገኘ ግን ሊመጣ የሚችል ነቀርሳ ፈርቶ ዛሬ በማይተማመኑበት እጅ ላይ መጣል አያዋጣም። ያረጀች፣ የታመመች ወይም ከመጠን በላይ የወፈረች ጥንቸልም ትቆይ።

ገና ያልገዛ ሰው ሁለት እኅትማማች ሴቶችን መርጦ ማስገባቱ ብዙ ጣጣ ያስቀራል፤ ጉልምስና ሲደርስ ግን ሊጣሉ ይችላሉ። ሁለት ያልተኮላሹ ወንዶች አንድ ቤት ውስጥ ከገቡ እስከ ቆለጥ መቦጫጨቅ ይደርሳሉ። ወንዱን ለይቶ ማሳደግ ያለ ቀዶ ጥገና ይሠራል፤ ነገር ግን በሩን አንድ ልጅ ለአንዲት ደቂቃ ረስቶ ቢተወው ይበቃል፣ ግንኙነቱ ሴኮንዶች ብቻ ነውና የሚወስደው። በባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የወንዱ ዘር ለጊዜው ይዳከማል፤ «ከተገናኙ ሦስት ወር ሆናቸው፣ አልወለዱም፣ መካን ነው» የሚሉ ሰዎች ክረምት ሲገባ የሚደነግጡት በዚህ ነው።

ሳትመክን የምትኖር ሴት ካለች፣ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ በየወሩ ሆዷንና ጡቶቿን ዳስሶ እብጠት መኖሩን ማየት፣ ሽንቷንም መከታተል ያስፈልጋል። ቀይ ሽንት ሁሉ ደም አይደለም፤ አንዳንድ ቅጠል ስትበላ ሽንቷ ወጥ ሆኖ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ይሆናል፣ በጥቂት ቀንም ይለቃል። በሽንቱ ውስጥ ተነጥሎ የሚታይ የደም ጠብታ ወይም የረጋ ደም ግን ከማሕፀን የመጣ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ለሐኪም መታየት አለበት።