ብርሃን ከሕዋሳት ላይ እንዴት ይበተናል?

ቀለም የሌለው ሕዋስ በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጠርዙ በቀር ብዙም አይለይም፤ ብርሃኑን ስለማይውጠው ነው። ብርሃኑ ግን እንደገባ አይወጣም። የስብረት መጠን፣ ማለትም አንድ ነገር ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚያሳየው ቁጥር፣ በሚለወጥበት ወሰን ሁሉ ከመንገዱ ይወጣል። ይህ መጠን ለውሃ 1.33፣ ሕዋሱን ለሚሞላው ሳይቶፕላዝም 1.37 ገደማ፣ በውስጡ ኃይል ለሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ 1.40 ገደማ፣ ለስብ ጠብታ ደግሞ 1.46 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም በታኞቹ ብዙ በመሆናቸው ውጤቱ ይደማመራል።

የተበተነው ብርሃን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወሰነው በበታኙ አካል ስፋት ነው። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፤ 10 ማይክሮሜትር የሚሆን ሕዋስ ከዚህ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ብርሃኑን በጥቂት ዲግሪ ብቻ አዙሮ ወደፊት ይለቀዋል። ማይቶኮንድሪያና ከእሱ ያነሱ ጥራጥሬዎች (በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ግን ወደ ጎን ጭምር ይረጩታል። የፊዚክስ ሊቁ ጉስታቭ ሚ በ1908 እ.ኤ.አ. ለሉል ያወጣው ስሌት ዛሬም መነሻ ነው፤ ችግሩ ሕዋስ ድፍን ሉል አለመሆኑ ነው። መሃሉ የጎደጎደው ቀይ የደም ሕዋስ በጠርዙ ሲቆምና በጠፍጣፋው ሲዞር የሚበትነው ብርሃን አንድ አይደለም።

ይህን ልዩነት በሚገባ የተጠቀመበት ፍሎው ሳይቶሜትር ነው። ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ጨረር ውስጥ ያልፋሉ፤ አንድ መቀበያ ወደፊት፣ ሌላው በ90 ዲግሪ ወደ ጎን የተበተነውን ይለካል። ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ትንሹና ጥራጥሬ የሌለው ሊምፎሳይት በሁለቱም ዝቅ ይላል፤ ጥራጥሬ የሞላበት ኒውትሮፊል በጎኑ መለኪያ ጎልቶ ይወጣል፤ ሞኖሳይት በመካከላቸው ይወድቃል። ምንም ማቅለሚያ አላስፈለገም። የፊቱን ምልክት በቀጥታ የሕዋስ መጠን አድርጎ መውሰድ ግን የተለመደ ጥድፊያ ነው፤ ሲሞት ሽፋኑ የተቀደደ ሕዋስ ውስጡ ከዙሪያው ፈሳሽ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ስፋቱ ባይቀንስም ምልክቱ ይወርዳል።

በማህፀን ጫፍ ምርመራም መበተን ሥራ ላይ ይውላል። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ሲቀባ፣ ትልልቅ ኑክሊየስ ያላቸው ያልተለመዱ ሕዋሳት በብዛት ያሉበት ቦታ ብርሃኑን ይበልጥ ስለሚበትን ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ይሆናል።

ባክቴሪያ የሚያራቡ ቤተ ሙከራዎች ደግሞ በ600 ናኖሜትር ብርሃን የድፍርስነቱን መጠን ያነባሉ። እዚያ ከመቀበያው የጎደለው ብርሃን አብዛኛው ተውጦ ሳይሆን ተበትኖ የቀረ ነው። ስለዚህ መቀበያው ሰፋ ያለ አንግል የሚሰበስብ መሣሪያ ለዚያው ናሙና ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ የሁለት መሣሪያዎችን ንባብ ሳያስተካክሉ ማወዳደር አይቻልም።